የካፒቴን ፍየል ዓይኖች

ማርች 3፣ ማክሰኞ

ዛሬም ፍየል። ጠዋት ፍየል፣ ከሰዓት ፍየል... ቀንዱ በጥቁር፣ ጢሙ በነጭ። ሰባት ዓመት ሙሉ ፎቁ ላይ፣ ላይ ቤት የምንለው ክፍል ያሉት ወንዶች በእርሳስ የሣሉትን ካርቱን ሴሉሎይድ ላይ፣ እንደ መስታወት በሚያሳየው ስስ ገጽ ላይ፣ በቀለም ስገለብጥ ኖርኩ። የራሴን አንድ መስመር ሳልሥል ላረጅ ነው?

አሁን የያዝነው ካርቱን በጠፈር ጀግኖች ላይ ያላግጣል። ካፒቴን ፍየል በመንኮራኩሩ መጥቶ አንዲት ኮከብ ላይ ያርፋል፣ ደረቱን ነፍቶ ባንዲራ ይተክላል፣ ከዚያ ባንዲራውን ይበላዋል። የላይ ቤቱ ሜርል ማኘኩን ብቻ በመቶ አርባ ሥዕል ሠርቶታል። አያስቅም። ፍየሉ ባንዲራው ላይ ወዲያው ነው የሚሰፍርበት። መጀመሪያ ትንሽ መጎምጀት የለበትም እንዴ?

ማርች 5፣ ሐሙስ

ለሜርል ነገርኩት። ቆም ይበል፣ ባንዲራውን በዓይኑ ጥግ ይየው፣ ሰው እንዳለ ግራ ቀኝ ያማትር አልኩት። ሳቀ።

«ኔልዳ፣ አንቺ መስመሩን ተከተይ። ሐሳቡን ለኛ ተይው።»

ደሜ ፈላ። ላይ ቤት ልሞክር ብዬ ያስገባሁት ማመልከቻም ከገና ጀምሮ አለቃችን ሚስተር ስትራውድ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል።

በእልህ አንዱን ፍየል ያለ ዓይን ገለበጥኩት። ዓይኖቹን ለብቻ፣ በስድስት ሴሉሎይድ፣ ራሴ ሣልኳቸው... ግራ፣ ቀኝ፣ ባንዲራው። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባቸው። ለማን ላሳያቸው?

ማርች 10፣ ማክሰኞ

ጉድ ሆንኩ።

መቶ አርባው አልቆ ለካሜራ ላደርሰው ስል መደርደሪያው ሞልቷል። ለአፍታ ብዬ ጎኑ ያለው ላይ አስቀምጬ ምሳ ወጣሁ። ጎኑ ያለው የእጥበቱ! ተቀርጾ ያለቀ ሴሉሎይድ ታጥቦ ለሌላ ካርቱን ይውላል፤ አጣቢው ክላይድ ደግሞ እዚያ ያገኘውን ያጥባል እንጂ አይጠይቅም። ስመለስ መቶ አርባው እንደ መስኮት ጠርቶ ውኃው ይንጠባጠባል። «አንድ ነጥብ አልቀረበትም» አለኝ ክላይድ፣ ደስ ብሎት።

ቀረጻው ነገ ጠዋት ነው፤ መቶ አርባውን እንደገና ለመገልበጥ ጊዜ የለም። ስትራውድ ማን ነው ያስቀመጠው አለ። ክላይድ ላይ ማላከክ እችል ነበር... እኔ ነኝ አልኩ።

«ላይ ቤት ካልሠራሁ የምትዪው አንቺ ነሽ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ! መሳቢያዬን ከፍቼ ዓይን የሌለውን ፍየልና ስድስቱን ዓይኖች አወጣሁ። ዓይኖቹ ይንቀሳቀሱ፣ ከዚያ ባንዲራው ይጥፋ፣ እንጨቱ ብቻ ይቅር፣ ማኘኩ በድምፅ ይሰማ አልኩ። ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ስትራውድ ካላሳቀ አንቺም ሥራሽም አበቃችሁ ብሎ ወጣ።

ኤፕሪል 9፣ ሐሙስ

ግሌንዴል ሲኒማ ቤት ለሙከራ አሳዩት። ዓይኖቹ ወደ ግራ ሲሄዱ አንዲት ሴትዮ ፍርፍር ብላ ሳቀች። ወደ ቀኝ... ባንዲራው ላይ ሲያርፉ ቤቱ ተናጋ። የማኘኩ ድምፅ በሳቁ ተውጦ ሳይሰማ ቀረ።

ስትራውድ ዞሮ የሜርልን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሜርልም አመሰገነ። አመሰገነ! አላስቻለኝም፣ ብድግ አልኩ።

«ዓይኖቹ የኔ ናቸው። ሜርልም ያውቃል።»

ሜርል ጫማውን አየ። ከኋላ አንዱ ተቀመጪ፣ ከለልሽኝ አለ።

ኤፕሪል 13፣ ሰኞ

ቀለም ክፍል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ከዛሬ ጀምሮ ያለ ኔልዳ ፊርማ ምንም ሴሉሎይድ አይታጠብም። ሹመት መሆኑ ነው! የእጥበት አለቃ አደረጉኝ...

ወረቀቱን ገንጥዬ ስትራውድ ዘንድ ገባሁ።

«ይሄን ሌላ ሰው ይፈርም። ማመልከቻዬን አንብበውታል?»

አላነበበውም። እስኪያነቡት እዚሁ እቆማለሁ አልኩት። ስልክ ደወለ፣ አነሣ፣ ዘጋ፣ እኔ አለሁ። ሲጋራ አጨሰ፣ አለሁ። በመጨረሻ ከወረቀቱ ክምር ሥር አወጣው።

ሜይ 4፣ ሰኞ

ላይ ቤት። የሦስት ወር ሙከራ። ጠረጴዛዬ በሩ ሥር ነው፤ የገባ የወጣ ሁሉ ክርኔን ይገጨዋል። ሜርል እስከ ምሳ አላናገረኝም። ከሰዓት መጥቶ ሥዕሌን አየና ጆሮው ተጣሟል አለ። አየሁት። እውነትም ተጣሟል፣ ያናድዳል! አጠፋሁትና እንደገና ሣልኩት። በእርሳስ።