ጠፋሽ የሚባለው ለተገኘ ነው

ሰኞ
ዛሬ ሰው ያልሞተበት ቤት ለቅሶ ደረስኩ። የልጅ ልጄ ቤዛ ስለ ጎረቤታችን ስለ ሎሬን ስታወራ "ልጇን ሎስት አድርጋለች" አለች። ሞታባት ነው ብዬ ጥቁር ኮቴን ለበስኩ፣ ንፍሮ ያዝኩ፣ ሄጄ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሎሬን ናቫሆ ናት፤ ነጭ ሳይመጣ እዚህ አሜሪካ ከነበሩት። ንፍሮዬን አየች፣ እኔን አየች፤ ማን ሞተ አለች። ልጅሽ ብላት፣ "አልሞተችም። ጠፍታ ነው።"
ከጠፋች ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ለካ ሎስት ለሞተም ለጠፋም ይባላል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።

ማክሰኞ
ቤዛን አስተርጓሚ አድርጌ ለይቅርታ ሄድኩ። ሎሬን ሳቀችብኝ፤ ንፍሮው ግን አልቋል። ወንድ ልጇ ዳኒ ከሎንግ ቢች መጥቷል። ራሰ በራ ጎልማሳ፤ ወተት ሊገዛ ወጥቶ ሱቅ ደረስኩ ብሎ ደወለላት፣ መጣሁም ብሎ ደወለ። ላሾፍ አፌን ስከፍት ቤዛ እግሬን ረገጠችኝ። እህቱ ስትጠፋ ልጅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳይደውል የትም አይሄድም።
የሎሬን ጉልበት ደረጃውን ስላልቻለ ዳኒ እኔ ጋ ሙቭ አድርጊ፣ አብረን እንኑር ይላታል። እሷ እምቢ። "ልጄ የምታውቀው ይህን በር ነው።"

ረቡዕ
እኔ፣ ቤዛና ሎሬን የሐበሻው ሰፈር ፌርፋክስ ወጣን። ወዳጄን ተካን ሳየው እንደ ልማዴ "አንተ፣ ጠፋህ እኮ!" አልኩት። ቤዛ ተርጉማ ቁጭ። ሎሬን ቆመች። ፊትህ የቆመውን ሰው ጠፋህ ትለዋለህ? አለች። አዎ፣ አልኩ፤ ለሌለ ሰው አንለውም፣ ሲገኝ ነው። ለሴት እንዴት እንደሚባል ጠየቀችኝ።
እዚህ የተወለደችው ቤዛ ጠ አይወጣላትም፤ "ተፋሽ" እያለች ስንቱን ምራቅ አስተፍታዋለች። ሎሬን ግን ባንድ ጊዜ "ጠፋሽ" አለች፣ ጥርት አድርጋ። በአያቶቿ ቋንቋም ድምፁ አለ። መንገዱን ሙሉ ለራሷ ደጋገመችው።

ሐሙስ
ሎሬን ዳኒ ጋ ሁለት ሳምንት ልትሞክረው ነው። በሯ ከእኔ መስኮት ይታያል፤ እጠብቅልሻለሁ አልኳት። አንተ ቲቪ እያየህ ትተኛለህ አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ የዘበኝነት ሥራ አግኝቼማ አልተኛም። የልጅቷን ስም እንድይዘው ደጋግማ አስባለችኝ።

ቅዳሜ
ጠዋት ሄደች። ከሰዓት አንዲት ሴት የሎሬን በር ላይ ቆማ ቁጥሩን ታያለች። ዕድሜዋ ከጠፋችው ልጅ ጋር ልክ ነው። ከዘራዬን ረስቼ ወጣሁ፤ ስሟን ልጠራ ስል ቀደመችኝ። ዞረች። ፓኬጅ ይዛለች፣ አድራሻ ተሳስታ ነው።
ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ የጠበቅኩት ግማሽ ቀን ነው። ሎሬን ይህን በር ስንት ጊዜ ከፍታ ይሆን? ከፍታም ደግሞ ትስቃለች፣ ንፍሮ ትበላለች።
ማታ ደወለች። ሰው መጣ? አለች። የለም ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
"ገና ነው" አልኳት።