ፍሩማ ነኝ የምትለዋ ሴት

ሰኞ፣ ኖቬምበር 2

አንትወርፕ ዛሬም ዝናብ። ዓሣ ገዛሁ፤ ጨው በዝቶበታል። ስለ ስደት የጀመርኩትን ምዕራፍ ቀጠልኩ። «አገር ማለት ሳይጠራጠሩ የሚተኙበት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ታዲያ የኔው የት ነው?

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 4

ስልክ ተደወለ። የሴት ድምፅ፣ በይዲሽ፣ በኛ በአይሁዶቹ ቋንቋ።

«ሄንያ? ፍሩማ ነኝ።»

ዘጋሁት።

ፍሩማ ሞታለች። በናዚዎቹ ካምፕ ውስጥ፣ በተስቦ፣ እዚሁ ጭኔ ላይ። ባለፈው ወር መጽሔት ላይ ያወጣሁት ስለሷ ነው። «ሟች አትከራከርም፤ ትዝታዋን መጠበቅ የኔ ግዴታ ነው» ብዬ። ያንን ያነበበ ሁሉ ተነስቶ ፍሩማ ነኝ ሊል ነው? ምን ፈልጋ ይሆን...

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 5

ደግማ ደወለች። ጽሑፍሽን አንብቤ ከእስራኤል፣ ከሃይፋ ድረስ መጣሁ አለች። ፈተንኳት።

«የት ነበር የምንተኛው?»

«መስኮቱ ሥር።»

መስኮት አልነበረም! ያዝኳት።

ግን በዚህኛው ስልኩን አልዘጋሁም። እሁድ ነይ አልኳት። ጎረቤቴን ሽማግሌውን ዮሪስን አብረውኝ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። ብቻዬን አላምናትም።

እሁድ፣ ኖቬምበር 8

መጣች። ወፍራም፣ ፀጉሯን ቀይ የተቀባች። የኔዋ ፍሩማ ሸምበቆ ነበረች። ዮሪስ ጋዜጣ ዘርግተው ጥግ ይዘዋል። ዳቦና ዓሣ አቀረብኩ።

«ጭኔ ላይ ነው የሞትሽው» አልኳት ፊት ለፊት።

«እኔ? አንቺ ነሽ እንጂ የኔ ጭን ላይ የሞትሽው! ትንፋሽሽ ሲጠፋ ጫማሽን አውልቄ አጠለቅኩት። በየዓመቱ ሻማ አበራልሻለሁ።»

እኔም አበራላታለሁ።

ያኔ ስነቃ እሷ የለችም፤ ሬሳዋን ወሰዱት ብዬ ነበር፤ እኔም ባዶ እግሬን ነበርኩ። ይህን ለማንም አልጻፍኩም። ሁለታችንም በትኩሳት ራሳችንን ስተን ነበር... መስኮቱንስ የረሳሁት እኔ እሆን? ወይስ ከሌላ ሰው ሰምታ ይሆን?

ዳቦዬን ማኘክ ያዝኩ።

«ዛሬም እንደ ላም ታመነዥኪያለሽ?» አለች። «ዋጪው እንጂ! ማን ሊቀማሽ ነው?»

ከአንጀቴ ተናደድኩ። እንዲህ የምታናድደኝ በዓለም ላይ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

«አንቺ ቀማኛ!» አልኳት። ከዚያ ተነስቼ አቀፍኳት። እሷም።

ዮሪስ ጋዜጣቸውን አጥፈው ቀስ ብለው ወጡ።

እሁድ፣ ኖቬምበር 15

ትናንት ሄደች። ዛሬ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ስለ ሞቷ ስጽፍ ሃያ ዓመት ሙሉ ቃል አጥቼ አላውቅም። ስለ መኖሯ ግን አንድ አረፍተ ነገር እንኳ የለኝም።

ብዕሩን አስቀምጬ ወደ ሃይፋ የሚሄደው መርከብ መቼ እንደሚነሳ ልጠይቅ ወጣሁ።