ሐኪሙ የት ተቀመጠ?

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ዛሬም እንደ ወትሮው። ጠመኔ፣ ሠላሳ ስምንት ተማሪ፣ ዝምታ። የተናገርኩትን ሁሉ ይጽፋሉ... ባስነጥስ እሱንም የሚጽፉ ይመስለኛል። የአርብን ሰዓት ለሎጂክ ጨዋታ እንዲሰጡኝ የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ለመንኩ። «ኮሌጅ ነው መዋዕለ ሕፃናት?» አሉኝ። ለነገሩ እስከ ጥር ፈቅደዋል። ለውጥ ካልታየ ይቀራል።

አርብ፣ ጥቅምት 16

የመጀመሪያው ጨዋታ። አምስት ሰዎች፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ስድስት ፍንጭ። ማን የት ተቀመጠ? ሠላሳ ሰባቱ በትክክል መለሱ! ከኋላ የምትቀመጠዋ ዝምተኛ ልጅ ብቻ ባዶ ወረቀት ሰጠችኝ። ዜሮ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 17

ባለቤቴ እርማቴን አይታ «እስቲ አንተ ራስህ ሞክረው» አለች። ሞከርኩት። አንደኛው ፍንጭ ሐኪሙን ጫፍ ላይ ያስቀምጠዋል። አራተኛው በሾፌሩና በአናጺው መሃል። እንዴት ሆኖ? ለካ ፍንጩን ከመጽሐፍ ስገለብጥ ቸኩዬ በልብስ ሰፊዋ ቦታ ሐኪሙን ጽፌዋለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።

እና ሠላሳ ሰባቱ? ያልገጠመላቸውን ፍንጭ ዘለው አልፈውታል። ባለቤቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 19

ልጅቷን ቢሮ ጠራኋት።

«ስህተቱን አይተሽው ነበር?»

«አዎ፣ መምህር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

መሬት መሬት እያየች፣ «መምህር ተሳስቷል ይባላል እንዴ?»

ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን እንዲህ እንዲፈሩ ያደረግኋቸው እኔው ነኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 23

ክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት፣ ዜሮውንም ሰረዝኩ። አዲስ ሕግ፦ ከእንግዲህ በየጨዋታው አንድ የተበላሸ ፍንጭ አለ፤ ያገኘ ይናገር። ማንም ትንፍሽ አላለም።

አርብ፣ ኅዳር 21

ስድስት እጅ! ሁለቱ ተሳስተዋል፣ ይሁን። ዝምተኛዋ ግን አሁንም ዝም።

አርብ፣ ጥር 10

ኃላፊው ክፍል ድረስ መጡ። «የፈተና ውጤታችሁ አልጨመረም። ስለዚህ ጨዋታው አልጠቀመም፤ ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል።»

እኔስ? አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። እሺ ልል ስል ከኋላ ወንበር ሲገፋ ሰማሁ። ዝምተኛዋ! ተነሥታ ቆማለች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... ጨዋታውን ያልተጫወተው የሌላው ክፍል ውጤትስ?»

«እሱን አላየሁም።»

«የእነሱ ቀንሶ ቢሆንስ?»

ኃላፊው ቀና ብለው አዩዋት። በቃ፣ ጉድ ፈላ አልኩ በልቤ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እስክሪብቶ አወጡ።

«ሌላስ ያላየሁት ምን አለ?»

አሥራ አንድ እጅ ወጣ። ፈራ ተባ እያልኩ እኔም አወጣሁ።