የሰው ስፌት የማያሳድሩት የእኅታችን የሕይወት ታሪክ

እኅታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ አጣቢ እናታቸው በ1943 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሁለተኛ ነበሩ። የመጨረሻው ይህን የጻፈው ወንድማቸው ነው። የተማሩት ልጆቻቸው ጊዜ አጣን ስላሉ ነገሩ እሱ ላይ ወደቀ፤ ለሞተ ሰው ስምንተኛ ክፍል ይበቃል ተብሎ ይሆናል።

ስድስተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው ስላረፉ ትምህርታቸውን አቋርጠው በ1956 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ ቤት ወለል ጠራጊ ሆነው ተቀጠሩ። የጠረጉትን ቁርጥራጭ ግን አልጣሉም። በየቀለሙ እየለዩ ከእናታቸው አልጋ ሥር ያጠራቅሙ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ቁርጥራጩን ገጣጥመው ለእናታቸው ብርድ ልብስ ሠሩ። ልብስ ሰፊው አይተው "ይቺ ልጅ ድሪቶ ልታለብሰን ነው" ብለው ስለሳቁ፣ ድሪቶ የሚለው ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው ተከተላቸው። እኚሁ ልብስ ሰፊ በ1963 ዓ.ም. አገቧቸው። ሦስት ልጆች ወለዱ። ሦስቱም በድሪቶ አድገው፣ እንግዳ ሲመጣ ድሪቶውን ከአልጋ ላይ ያነሡ ነበር። ዛሬ እዚህ ቆመው እየሰሙ ነው።

ኋላ መተዳደሪያቸው የሆነው ይህ ብርድ ልብስ የመገጣጠም ሥራ ምን ዓይነት ሰው ይፈልጋል ለሚል፣ እሳቸውን የመሰለ ነው። ዓይን ይፈልጋል፤ እኛ አንድ ነው የምንለውን ቀይ መስኮት ሥር ወስደው አራት ያደርጉት ነበር። እጅ ይፈልጋል፤ በሾለች የሳሙና ስባሪ መስመር ሲያሰምሩ ማስመሪያ አይሹም። ትዕግሥትም ይፈልጋል። አንዱ ብርድ ልብስ ስድስት ወር ሲፈጅ ሰው ቢያጣድፋቸው "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ብለው መስፋታቸውን ይቀጥላሉ። ማዕዘን ከማዕዘን ሳይገጥም እህል አይቀምሱም። ከሁሉ በላይ ግን የራስን ስሕተት መተርተር ይጠይቃል። ማንም ለማያያት አንዲት የተዛባች ስፌት ሲሉ ሙሉ ረድፍ ይተረትራሉ፤ ክሩን እንኳ አይበጥሱትም። ክፋቱ የሰውንም መተርተራቸው ነው።

በ1985 ዓ.ም. ወንድማቸው ሥራ ሲፈታ ረዳት አድርገው ወሰዱት። ለዚህ ይመሰገናሉ። ጨርቅ ተኮሰ፣ ጥጥ አነጠፈ፣ ተሸከመ። መርፌ ግን አልተሰጠውም። ሰባት ዓመት ቆይቶ ለሙሽሮች የታዘዘ ብርድ ልብስ ሊያልቅ ሲል "እስቲ ይቺን ጠርዝ ስፋ" አሉት። ሁለት ቀን ሰፋ። ለሚስቱ፣ ለባለሱቁ፣ ለማያውቀውም ሰው አወራ። ሙሽሮቹ ሊወስዱ ሲመጡ እጁን ሊያሳያቸው ጠርዙን ገለጠ፤ ስፌቱ የእሱ አልነበረም። የእሱ ክር ካርቶን ላይ ተጠቅልሎ የስፌት ሣጥናቸው ውስጥ ተቀምጧል።

"እትዬ፣ የእኔስ?" አላቸው።

ቀና ሳይሉ "ያንተማ አንካሳ ነበር፣ ሆዴ" አሉት። ሙሽሮቹ ሳቁ። ሆዴ ባይሉት ይሻል ነበር።

ከዚያ ወዲህ መርፌ አልነካም፤ እሳቸውም ንካ አላሉትም። ቂም ይዞ ጸሎት እንዳይሆን ነው ዛሬ የሚናገረው።

ባለቤታቸው በ1994 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ሥራቸውን አላቆሙም። በ2015 ዓ.ም. እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ "ይሄ የራሴ ነው" ብለው ብርድ ልብስ የጀመሩት። ሦስቱን ጠርዝ ጨረሱ። አራተኛውን ግን ዛሬ ሰፍተው ነገ ይተረትራሉ፤ የገዛ እጃቸውንም አላመኑትም። ወንድማቸው አልጋቸው አጠገብ ወንበር ላይ አምስት ወር ተቀመጠ። እንካ ይሉት እንደሆነ ጠበቀ። አላሉትም።

ባለፈው ማክሰኞ ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው አረፉ። መርፌው ጠርዙ ላይ እንደተሰካ ነበር። ልጆቻቸው በስልክ ሰው ሲጠሩ፣ በእሳቸው መርፌ፣ በእሳቸው ወንበር ተቀምጬ ጨረስኩት። የሬሳ ሣጥኑ የለበሰው ያንን ብርድ ልብስ ነው፤ አብሯቸው ይወርዳል። በስተግራ ያለው ጠርዝ አንካሳ ነው። እሱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። የሚተረትረው የለም።

እኅታችን የሦስት ልጆች እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ነበሩ። በሕይወት ያለ አንድ ወንድምም አላቸው።

ፈጣሪ ሥራቸውን ሲመረምር፣ እሳቸው የእኛን እንደመረመሩት አይሁን። አንካሳውንም እንዳለ ይቀበልላቸው።