አሠሪውን አባት ላደረጉልን ኃላፊ

ይድረስ ለክቡር የወረዳችን የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር ካለው ከአቶ መንበሩ ወፍጮ ቤት ደጅ መኪናዎ ቆማ ስለማያት፣ በጤና መሆንዎን ከሩቅም ቢሆን እረዳለሁ። እኔም ከጥርጣሬ በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስምዎንና የወረዳችንን ስም ያልጻፍሁት ረስቼ ሳይሆን፣ የጎረቤት ወረዳ ኃላፊዎችም «እኔን ይሆን?» ብለው ጥቂት እንዲጨነቁ ብዬ ነው። ደብዳቤዬን በግልጽ ማውጣቴም፣ ከዚህ በፊት በመዝገብ ቤት በኩል ያስገባሁት ማመልከቻ እስከ ዛሬ ወደ ጠረጴዛዎ የሚወስደው መንገድ ስለጠፋበት ነውና ይቅር ይበሉኝ።

አምና ነጋዴውንም ሽማግሌውንም ፍኖተ ሰላም ላይ ሰብስበው ስለ ንግድ፣ ስለ ሥራና ስለ ሸማች ሕግ የሰጡንን ሥልጠና አልረሳሁትም። በሰው ትእዛዝ በደመወዝ የሚሠራ ሁሉ የተጻፈ ውል ባይኖረውም ሠራተኛ መሆኑን፣ በሥራው ላይ የተጎዳውን አሠሪው ማሳከምና መካስ እንዳለበት፣ ሸማችም ዋጋውን በግልጽ ተጽፎ የማየት መብት እንዳለው የነገሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ከሁላችን አብልጠው ይጽፉ የነበሩት አቶ መንበሩ ነበሩ። ሕጉን ሊፈጽሙበት መስሎኝ አመስግኛቸውም ነበር፤ ለካስ ሕጉ በየት በኩል በር እንዳለው እየመዘገቡ ኖሯል። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን ቀላቅዬ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. የወፍጮ ቤቱ የዋጋ ሰሌዳ እርስዎ ለቁጥጥር በመጡበት ዕለት ማለዳ ተሰቅሎ፣ መኪናዎ ከኩርባው እንደተሰወረች ወርዷል። ለዚያች ለግማሽ ቀን መብታችን ከልብ እናመሰግናለን። የሚመጡበትን ቀን እኛ ሳናውቅ ሰሌዳው አስቀድሞ እንዴት እንዳወቀ ግን እስካሁን አልገባኝም።

፪ኛ. ዋናው ጉዳዬ የቻላቸው ነገር ነው። ቻላቸው የወይዘሮ ካሳነሽ ልጅ ሲሆን፣ ለዓመታት በዚያ ወፍጮ ቤት በደመወዝ እህል ሲፈጭ የምናውቀው ወጣት ነው። የሥራ ውል ይጻፍልኝ ቢል ነገ እየተባለ፣ የሞተሩ ቀበቶ መከለያ ይደረግለት ቢል ሞተሩን ያፍነዋል እየተባለ ሲኖር፣ መጋቢት ላይ ቀበቶው የቀኝ እጁን ይዞ ሦስት ጣቶቹን አስቀረበት። እንዲህ ያለው እጅ እርፍ አይጨብጥም፣ ጆንያም አያነሣም። ልጁ የሚጠይቀው ሕክምናውን፣ ካሳውንና በቀረው እጁ ሊሠራው የሚችለውን ሥራ ብቻ ነው፤ ይህም እርስዎ ካስተማሩን አንድ ቃል አያልፍም።

፫ኛ. እንግዲህ ወደ ድግሱ ልምጣ። ጡት መጣባት በአገራችን የከበረ ደንብ መሆኑን ያውቃሉ፤ ትልቁ ሰው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፣ የጠባውም ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ይሆናል፣ ይመግበዋል፣ ይድረዋል፣ ከሀብቱም ያካፍለዋል። ቻላቸው ሐኪም ቤት ተኝቶ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ብቅ ያላሉት አቶ መንበሩ፣ ግንቦት ላይ እርስዎ ለቁጥጥር በመጡበት በዚያው ዕለት በግ አርደው፣ እርስዎን ከላይ እኛን ከታች አስቀምጠው፣ እጁ እንደታሰረ ጣታቸውን አጠቡት። በሁላችን ፊትም «ከእንግዲህ ቻላቸው ልጀ ነው፤ ከወለድኋቸው አንዱ ነው» ሲሉ ወይዘሮ ካሳነሽ በደስታ አለቀሱ። እኔ ግን የቸኮለ ደግነት ያስፈራኛልና ሥጋዬን ለጎረቤቴ አሳለፍሁ።

ጥርጣሬዬም አላሳፈረኝም። ወይዘሮ ካሳነሽ የካሳውን ነገር ሊጠይቁ ቢሮዎ ሲመጡ፣ አባትና ልጅ አሠሪና ሠራተኛ አይባሉም፣ ጉዳቱ የደረሰው አባቱን ሲያግዝ በነበረ የቤተሰብ አባል ላይ ነው ብለው እንደመለሷቸው ሰምቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ልጁ የተጎዳው መጋቢት፣ ልጅ የሆነው ግንቦት ነው። ሰው ሳይወለድ በአባቱ ቤት ጣቱ የተቆረጠበትን ታሪክ፣ ድርሳኑንም ገድሉንም ባገላብጥ አላገኘሁትም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚሉ ክፉ ሰዎች ቢኖሩም፣ እኔ ለእርስዎ እንደማይሆን ተከራክሬያለሁ፤ ያን ዕለት ሲበሉ አይቻለሁና የሚቆጭዎት ነገር አይኖርም።

፬ኛ. ድግሱ ባለፈ በሳምንቱ አቶ መንበሩ ሌላ ወጣት፣ ስሙ እንዳለው የሚባል፣ በቻላቸው ቦታ ቀጥረው፣ ለአዲሱ ልጃቸው በሩን ዘጉበት። አባት ልጁን ሲያሰናብት የስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጥ በሥልጠናው ላይ አልነገሩንም ነበር። ወይዘሮ ካሳነሽ ቤቴ መጥተው «ልጀስ አባት አገኘ አላችሁኝ፤ አባትየው ወዴት አለ?» አሉኝ። እዚህ ላይ ቀልዱም አክብሮቱም አቃተኝ፤ አዝኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁም። የእናት ደስታ እንኳ ለማጭበርበሪያ ዋለ።

ሆኖም የመንግሥት ውሳኔ መከበር ስላለበት፣ እኛ ሽማግሌዎች ውሳኔዎን ለመፈጸም ተነሣን። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቻላቸውን ከነመኝታው ይዘን ከአቶ መንበሩ ደጅ ቆምን፤ «አባት ሳለ አጊጥ፣ ጀንበር ሳለ ሩጥ» ብለንም መርቀን አስገባነው። የጡት ልጅን መካድ በአገራችን ትልቅ ነውር ነውና፣ ካህኑም ጎረቤቱም እያየ አቶ መንበሩ እንቢ ሊሉ አልቻሉም። አሁን ቻላቸው ከአባቱ ቤት ያድራል፣ ከአባቱ ማዕድ ይቆርሳል። ከወፍጮውም ለልጅ የሚደርሰው ድርሻ የትኛው እንደሆነ ሽማግሌ ልከን እየጠየቅን ሲሆን፣ በዕለቱ ከላይ ተቀምጠው የነበሩት እርስዎ ስለሆኑ ዋናው ምስክራችን አድርገን ቆጥረንዎታል።

ሕጉን ከነመግቢያው ስላስተማሩን፣ መውጫውንም በተግባር ስላሳዩን ውለታዎ ተከፍሎ የማያልቅብኝ፣ ግምገማ በመጣ ቁጥር በጸሎቴ የማስብዎ፣

ባዬ ወልደ ዮሐንስ
የወፍጮ ቤቱ ደንበኛና የድግሱ ታዳሚ
ሰኔ ፳፻፮ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስል አንድ ወሬ ደረሰኝ። አቶ መንበሩ፣ ቻላቸው ልጃቸው ሳይሆን ለዓመታት ደመወዝ ሲከፍሉት የኖሩት ቅጥር ሠራተኛቸው መሆኑ በጽሑፍ እንዲረጋገጥላቸው ከቢሮዎ ደጅ እየጠኑ ነው አሉ። እባክዎ ክቡር ሆይ፣ አያጉላሏቸው፤ ያሉትን ሁሉ ቃል በቃል ጽፈው ያስፈርሟቸው፣ ማኅተምም ያድርጉበት። ቻላቸው ይጻፍልኝ እያለ ሲለምን የኖረው የሥራ ውል እሱ ነው።