ትራፊኩ የማን ነው?

የካቲት 4
ችሎቱን ጠረግኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ። የዳኛዋ ቅርጫት ሞልቶ ነበር። እኔን ያስተማረኝ ይኼ ቅርጫት ነው፤ ፊደል ከተበላሸ ማመልከቻ፣ አራት ነጥብ ከተቀደደ ውሳኔ። ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ እኔ ቅርጫት ገባሁ።

የዛሬው አዲስ መመሪያ ነው። ያለፈቃዱ የአእምሮ ሆስፒታል የተኛ ሰው በየሠላሳ ቀኑ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይላል። ወንድሜ እኮ ከተኛ ስምንት ወሩ... ገጽ አንድና ሦስት አሉ፣ ሁለት የለም። ዘመድ መናገር ይችል እንደሆነ እዚያ ይሆን የተጻፈው?

የካቲት 5
ሆስፒታል ሄጄ ታናሼን ጠየቅኩት። ደህና ነው። የምሳ ሰልፉን የሚያስተናብረው እሱ ነው፤ ትራፊኩ ይሉታል። የታሰረበትም ይኸው ነው። የመስቀለኛው መብራት ሲበላሽ መሀል ገብቶ መኪና ያሳልፍ ጀመር። የባለሥልጣን መኪና አስቁሞ አህያ ባያስቀድም ማን ይነካው ነበር? ፖሊስ ያዘው፣ ሆስፒታል ወሰደው።

መቼ ይወጣል ብላት ነርሷ የፖሊስ ሰው ነው፣ ፖሊስ መጥቶ ይውሰደው አለችኝ። ጣቢያ ሄድኩ። ሳጅኑ መዝገብ ገለጠ። ክሱ ከተዘጋ ሰባት ወሩ፤ የሆስፒታል ሰው ነው አለኝ። የሁለት ቤት እንግዳ ጦሙን ያድራል...

የካቲት 9
መዝገብ ቤት ያሉትን ጋሼን ስለ ገጽ ሁለት ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። በአሥራ አምስት ዓመት ከእኔ «እንደምን አደሩ» እንጂ ሌላ ሰምተው አያውቁም።

«ማንበብ ትችያለሽ እንዴ?»

«የተጣለ ብቻ።»

ሳቁ። ገጹ አልተገኘም። ወንድሜ ዳኛ ፊት ይቅረብልኝ ብዬ የጻፍኩትን ማመልከቻ ግን ራሳቸው መዘገቡልኝ።

የካቲት 20
የወንድሜ ቀጠሮ ነገ ነው። ችሎቱን ሁለቴ ወለወልኩት።

የካቲት 21
ሐኪሙ፣ ከተሻለው አራት ወሩ ነው፣ ፖሊስን እየጠበቅን ነው አለ። ሳጅኑ፣ እኛም ሆስፒታሉን አለ። ዳኛዋ ሁለቱንም ተራ በተራ አይተው ሳል መጣባቸው። ሳቅ ነው፣ አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ወንድሜን፣ ብትወጣ ወደ መስቀለኛው ትመለሳለህ ወይ አሉት። አልመለስም በል... አልመለስም በል... አልኩ በልቤ።

«መብራቱ ተሠርቷል?»

ሰው ሁሉ ወደ ሳጅኑ ዞረ። አልተሠራም አለ ቀስ ብሎ።

«እንግዲያው አልዋሽዎትም፣ ያምረኛል።»

አለቀልን። ሳላስበው ተነሥቻለሁ። ዘመድ ይናገር፣ አይናገር፣ ገጹ የለኝ። ክኒኑን በእጄ እሰጠዋለሁ፣ ሰኞ ሰኞ ሐኪም ዘንድ አመጣዋለሁ፣ መስቀለኛው ካማረው ዳር ላይ አብሬው እቆማለሁ አልኩ።

«እውነት በመናገሩ እንዳያስቀሩብኝ።»

ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ዳኛዋ ብዙ ጻፉ። ዛሬውኑ ይውጣ፣ ቤቱ ሆኖ ይታከም። ለማዘጋጃ ቤቱም ደብዳቤ... መብራቱ ይሠራ።

መጋቢት 16
መብራቱ ተሠራ። ከሐኪም ስንመለስ ቀይ ላይ ቆምን። ታናሼ ሽቅብ አየውና፣ ይኼ ለአህያ አይራራም አለ። አረንጓዴ በራ፣ ተሻገርን።

ሥራ ስገባ ገጽ ሁለት ባልዲዬ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ በእርሳስ «አይጣልም» ብለውበታል። ዘመድ መናገር ይችላል ይላል። ለካ በድፍረት የተናገርኩት መብቴ ኖሯል...

ኮሪደሩ ላይ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። የአንዷ ባል፣ የሌላዋ ልጅ እዚያው ሆስፒታል ተኝተዋል። የምታነበው ሴትዮ አንቺ ነሽ ወይ አሉኝ። መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ከገጽ አንድ ጀመርን።