ማጥፊያውን ሁለቴ ንኪ

ባንኮክ

ለምወድህና ለማከብርህ አባቴ፣

ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ መውጣት ጀመርክ ወይስ አሁንም «ደህና ነኝ» እያልክ ግድግዳ ትደገፋለህ? ዝናቡስ ገባ? እኔ ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ተሽሎኛል።

አባዬ፣ አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ባለፈው ወር የዶክትሬት ትምህርቴን ለማቋረጥ ማመልከቻ ጽፌ ፈርሜ ነበር። ስለ መንደር ድምፅ ማጉያ ያቀረብኩትን የጥናት ሐሳብ ፈታኞቼ ሁለት ጊዜ መልሰውብኛል። «ሁሉም ሰው ስልክ በያዘበት ዘመን የመንደር ድምፅ ማጉያ ማን ይሰማል?» ይሉኛል። በዚያ ላይ አንተ ከሩዝ ጎተራው መሰላል ወደቅክ። ትቼ እመጣለሁ ብዬ ስደውልልህ ደግሞ ዝም አልከኝ። ዝምታህን ስሰማ ድሮ ወደ ባንኮክ ስሸኝ፣ ሰው ሁሉ ባለበት «ወሬ ለመማር ደግሞ ዶክትሬት! እዚህ ወሬ በነፃ ሞልቶልሽ የለም እንዴ?» ያልከኝ ትዝ አለኝ። ያን ቀን ሰው ሲስቅ እኔም ስቄ፣ አውቶቡስ ውስጥ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ማመልከቻውን ላስገባ የወጣሁ ዕለት ጎረቤታችን አክስቴ ቡዋላይ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ጉድ ፈልቷል!» አለችኝ። ያን ጠዋት እንደ መንደር ሹምነትህ የከብት ክትባት ቀን አስታውቀህ፣ የመዝጊያውን ዘፈን አሰምተህ፣ ማይኩን ግን ሳታጠፋው ቀርተሃል። ከዚያ በመንደሩ ስምንቱም ድምፅ ማጉያ፣ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው የእናቴ ፎቶ ስታወራ መንደሩ ሰማ። «ልጃችን በእኔ ሰበብ ትምህርቷን ልትጥል ነው። ያሾፍኩባት እኔ ነኝ፤ ምላሴን በቆረጠው! ኩራቴ እንደሆነች አንድ ቀን ነግሬያት አላውቅም። እባክሽ እንዳትመጣ አድርጊልኝ፤ ጉልበት እንደሆነ ይድናል» አልክ። አክስቴ ይህን ስትነግረኝ መንገድ ላይ ቁጭ አልኩ።

ለካ መንደሩ እንዳይነግርህ ተማምሏል። እኩለ ቀን ሳይደርስ ግን ቤትህ ሞላ አሉኝ። አንዷ ፓፓያ፣ ሌላዋ የደረቀ ዓሣ ይዛ መጣች። በመስኖ ቦይ ሰበብ የተጣላህ ቶንግዲ እንኳ መቆፈሪያ በትከሻው ተሸክሞ መቆፈሪያ ሊዋስ መጣ! አንተም ሳትስቅ አዋስከው አሉ።

ማመልከቻውን ቀደድኩት። ባለፈው ማክሰኞ ፈታኞቼ ፊት ስቆም ያልከውን ሳልጠቅስ ያንን ጠዋት ተረክሁላቸው። ከሠላሳ ስምንት አባወራ ሠላሳ አንዱ በአንድ ቀን በርህን እንዳንኳኳ አሳየኋቸው። «ማን ይሰማል?» ይሉኝ የነበሩት ሽማግሌ ፕሮፌሰር መነጽራቸውን አውልቀው «ሹሙ ለመሆኑ ምን ብለው ነው?» አሉኝ። የቤተሰብ ጉዳይ ነው አልኳቸው። መነጽራቸውን መልሰው አድርገው ፈረሙ። አለፍኩ አባዬ! የመስክ ጥናቱን ስምንት ወር እዚያው እኛ መንደር አደርገዋለሁ። ሩዙ ሲተከል እደርሳለሁ፤ ከማይኩ አጠገብ ያለችውን በርጩማ አዘጋጅልኝ።

አንድ ነገር ብቻ ይቀረኛል። የጥናት ሐሳቡ ላይ «ሹሙ ማጥፊያውን ረስተው» ብዬ ነው የጻፍኩት። መንደሩም የሚያምነው ይህንኑ ነው። ከአንተ በፊት የነበረው ሹም ማይኩን ሳይዘጋ አማቱን ሲሰድብ ተሰምቶ፣ በዚያው ሹመቱን ማጣቱን ስንቴ ነግረኸኛል። ገና ልጅ ሳለሁ ጣቴን ይዘህ «ማጥፊያውን ሁለቴ ንኪ፤ አንዴ ለመዝጋት፣ አንዴ ለማረጋገጥ» እያልክ አስተምረኸኛል። በሹምነትህ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ረስተህ አታውቅም። ስመጣም አልጠይቅህም።

የመነኮሳቱ ምርቃት አይለይህ፣ ዕድሜህን ያርዝምልኝ፣ ጉልበትህን ይማርልኝ። ለእናቴ ፎቶ አበባ አኑርልኝ።

የሰማችው ልጅህ